ሶላር አስገባሁ፤ ቆጣሪው ግን ጭራሽ ፈጠነ

ጣራዬ_ላይ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

ከሁለት ወር በፊት ጣራዬ ላይ 10 ፓነል አሰቀልኩ። እያንዳንዱ 450 ዋት ነው፤ በድምሩ 4.5 ኪሎዋት። ባትሪ የለውም። የፓነሉን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚቀይረው ኢንቨርተር ቀጥታ ከቤቱ የብሬከር ሳጥን ጋር ተገናኝቷል። ከዚያ በፊት በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነበር የምጠቀመው። ለዓመታት ከዚህ ብዙም ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

ሶላሩ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሙሉ ወር ሂሳብ መጣ። 660 ኪሎዋት ሰዓት! መጀመሪያ የሌላ ሰው ወረቀት የመጣብኝ መስሎኝ ነበር። ስልኬ ላይ ያለው የኢንቨርተሩ መተግበሪያ ደግሞ በዚያው ወር 540 አምርተሃል ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ቆጣሪውን እያነበብኩ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ጤነኛ ነህ?» ማለት ጀምራለች። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ፀሐይ በደመቀ ቀን ቆጣሪው ይሮጣል። ደመና ሲሆን ረጋ ይላል። ቀን ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ ከፍሪጅና ከጥቃቅን ነገር በቀር የሚሠራ የለም፤ ሁላችንም ሥራ ነን።

የሰቀለልኝ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። «ፓነሉ ይሠራል አይደል? ቆጣሪ የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ዘጋው።

ጥፋቱ የማን ነው? የፓነሉ? የኢንቨርተሩ? የቆጣሪው?

አዲስ_ገቢ

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ 😅 ይቅርታ ወንድሜ፣ መቀለዴ ነው። እኔም ለማስገባት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነውና ይህችን ነገር መጨረሻዋን ሳላይ አልተኛም።

ሁሉን_አውቃለሁ

ምን ያስገርማል? ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ሁሉ ሌባ ነው። ሶላር ስታስገባ ገቢያቸው ስለሚቀንስ በሌላ በኩል ያካክሱታል። አለቀ።

ጋሽ_ፊውዝ

ልጄ፣ ፓነሉን አትንካው። እሱ ሥራውን እየሠራ ነው። እንዲያውም ችግሩ እሱ በደንብ መሥራቱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ እነዚህን ንገረኝ። ቆጣሪህ የሚሽከረከር ዲስክ ያለው ነው ወይስ ስክሪን ያለው? ስክሪን ካለው፣ የምትብለጨለጭ ቀይ መብራት አለችው? ከመብራቷ አጠገብ የተጻፈ ቁጥር ይኖራል፤ እሱ ስንት ይላል? ባለ አንድ ፌዝ ነው ባለ ሦስት? ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ሶላር ስታስገባ ለኃይል አቅራቢው አሳውቀህ ቆጣሪው ተቀይሯል ወይስ ያው የድሮው ነው?

ጣራዬ_ላይ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ቆጣሪው ያው የድሮው ነው። ማንም ይቀየር ያለኝ የለም። ስክሪን አለው፤ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ከቀይ መብራቷ ሥር «1000 ኢምፐልስ በኪሎዋት ሰዓት» የሚል ተጽፏል። አሁን ሲጠይቁኝ ነው ትዝ ያለኝ፤ ቀን ቀን ስክሪኑ ጥግ ላይ ወደ ግራ የዞረች ትንሽ ቀስት ትወጣለች። ማታ የለችም። ከቁብም አልቆጠርኳትም ነበር።

ቁጥር_ወዳድ

ቀስቷን ተዋትና ቁጥሩን እዩት። እኔ ማስረጃው እዚያ ያለ መሰለኝ።

ቤትህ በወር 300 ይበላል። ሶላሩ 540 አመረተ። ካመረትከው ውስጥ እዚያው ቤት የተጠቀምክበትን ሀ እንበለው። ከመስመር የገዛኸው 300 ሲቀነስ ሀ ይሆናል። ወደ መስመር የሸሸው ደግሞ 540 ሲቀነስ ሀ ነው። ቆጣሪው ሁለቱንም እየደመረ ከሆነ የሚያሳየው 840 ሲቀነስ ሁለት ጊዜ ሀ ነው።

አንተ ጋ ያሳየው 660 ነው። ስለዚህ ሀ 90 ይሆናል። በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ቀን ቀን ባዶ ለሆነ፣ ፍሪጅ ላለውና ቅዳሜና እሁድ ሰው ለሚውልበት ቤት ልክ ነው። ካልተሳሳትኩ ከመስመር የገዛኸው 210 ብቻ ነው። የቀረው 450 አንተ የሰጠኸው ነው። ሰጥተህ የከፈልክበት!

አዲስ_ገቢ

እህቴ፣ የሂሳብ አስተማሪዬ አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ።

ጋሽ_ፊውዝ

ልጅቷ ጨርሳዋለች። እኔ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ላስረዳ።

ቆጣሪ ስለ ሶላር የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያየው በሱ ውስጥ ያለፈውን ብቻ ነው። ቀን ቤትህ የማይጨርሰው ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ታዲያ ቆጣሪ ሁሉ ይህን በአንድ መልክ አይቆጥረውም። የድሮው ዲስክ መቆለፊያ ከሌለው ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ ቁጥሩም ይቀንሳል። መቆለፊያ ካለው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሰጠኸው በነፃ ሄደ ማለት ነው። ለሶላር የተሠራው ባለ ሁለት አቅጣጫ ቆጣሪ የገባውን ለብቻ፣ የወጣውን ለብቻ ይመዘግባል። አንዳንዱ ተራ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም። ገባም ወጣም ይደምራል። ያንተ ከዚህ ወገን ይመስለኛል።

ይህ ብልሽት አይደለም። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ዱሮ የቆጣሪውን ሽቦ ገልብጠው እያሰሩ ወደ ኋላ የሚያስኬዱ ሰዎች ነበሩ። ሠሪዎቹ ያንን ለመዝጋት መደመር ብቻ እንጂ መቀነስ እንዳያውቅ አደረጉት። ያኔ ሰው ጣራው ላይ ኃይል ያመርታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ግን በግምት ወደ ኃይል አቅራቢው አትሂድ። መጀመሪያ ፈትነው። ፀሐይ በደመቀ ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት አካባቢ፣ የቤቱን ማጥፊያ ሁሉ አጥፋና ኢንቨርተሩን ብቻ ተወው። የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍ። ከዚያ የቀይዋን መብራት ብልጭታ ቁጠር። ባንተ ቆጣሪ አንዱ ብልጭታ 1 ዋት ሰዓት ነው። 3600ን በሁለት ብልጭታ መካከል ባለው ሴኮንድ ብታካፍል በዚያች ቅጽበት የሚያልፈውን ዋት ታገኛለህ። ማጥፊያዎቹን ብቻ ንካ። የቆጣሪውን ክዳን እንዳትከፍት፤ ማኅተሙን እንዳትነካ።

ሁሉን_አውቃለሁ

«ሆን ተብሎ ነው» ብለው ራስዎ አመኑ እኮ! እኔ ምን አልኩ?

ቁጥር_ወዳድ

ሌብነትን ለመከላከል ሆን ተብሎ የተሠራ ማለትና ለመስረቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ማለት ይለያያል።

ለፍትሕ ያህል ግን ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ አይሳሳትም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። አንዳንድ ቆጣሪዎች ከእውነተኛው እስከ 582 በመቶ አብዝተው ሲያነቡ ተገኝተዋል። ግን ይህ የሆነው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ሞገዱን በጣም የሚያበላሹ የመብራት ማደብዘዣዎችና ቆጣቢ አምፖሎች ተገናኝተው። አሳንሰው ያነበቡም ነበሩ። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ለኛ አያደሉም ነበር።

የዚህ ሰውዬ ችግር ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም። ፀሐይን እየተከተለ የሚሮጥ ስህተት ምንጩ ፀሐይ ነው።

ጣራዬ_ላይ (ጠያቂ)

ፈተናውን ጀምሬ አበላሸሁት። ለማሳጠር ብዬ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁ። ኢንቨርተሩም አብሮ ድርግም አለ። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት! ተቃጠለብኝ ብዬ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር። መልሼ ሳበራው ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ቆይቶ ሥራ ጀመረ። ይህ ጤንነት ነው?

ጋሽ_ፊውዝ

ጤንነት ነው፤ እንዲያውም ባይጠፋ ነበር የምደነግጠው። ባትሪ የሌለው ኢንቨርተር የመስመሩን ኃይል ተከትሎ ነው የሚሠራው። መስመር ከሌለ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ መብራት ጠፍቷል ብሎ ሽቦ የሚጠግን ሠራተኛ ባንተ ፓነል ይሞታል። ሲመለስም መስመሩ መርጋቱን ሳያረጋግጥ አይገናኝም።

እኔ ዋናውን አጥፋ አላልኩም። በየክፍሉ የሚሄዱትን ትንንሾቹን ብሬከሮች አጥፋ። ዋናውና የኢንቨርተሩ ይብሩ።

ጨለማ_ሰልችቶኝ

ይህን ሳነብ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። የኔ ቆጣሪ በካርድ የሚሞላ ነው። ሶላር በገባ በሦስተኛው ቀን ሒሳብ እያለኝ ቆጣሪው ራሱ መብራቱን ቆረጠው። ስክሪኑ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት አወጣ። ለካ ኃይል ወደ ኋላ ሲሄድ ሲያይ ሰው ነካክቶኛል ብሎ ነው የቆለፈው። ሌባ ተብዬ ሳብራራ ሁለት ቀን በጨለማ አደርኩ። ስሜን ያወጣሁት ያኔ ነው።

ዲስኩ_ይዙር

እናንተ ተጨቃጨቁ፤ የኔ የድሮ ዲስክ ነው። ቀን ቀን ወደ ኋላ ሲዞርልኝ ወንበር አውጥቼ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ከቴሌቪዥን ይሻላል። ማንም እንዳይቀይርብኝ!

ቁጥር_ወዳድ

ደስታህን አልቀማህም፤ ግን ብዙ ቦታ ሳያስፈቅዱ ወደ ኋላ የሚሄድ ቆጣሪ መያዝ ክልክል መሆኑን እወቅ። ጀርመን እንኳን እ.ኤ.አ. በ2024 ለበረንዳ ሶላር ብቻ፣ ኢንቨርተሩ ከ800 ዋት ካልበለጠ፣ አዲሱ ቆጣሪ እስኪመጣ ድረስ ወደ ኋላ ቢዞርም ይሁን አለች። እሱም ለጊዜው ነው።

በነገራችን ላይ የቆጣሪህ ዘር ዕድሜ ጠገብ ነው። ሃንጋሪያዊው ኦቶ ብላቲ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሲሽከረከር የኖረ ነገር ነው።

ዲስኩ_ይዙር

ታዲያ ለሽማግሌ ክብር ስጡ እንጂ 😄

ጣራዬ_ላይ (ጠያቂ)

አደረግኩት! እንደተባልኩት ትንንሾቹን ብቻ አጠፋሁ። ቤቱ ውስጥ አንድም የሚሠራ ነገር የለም። ቀይዋ መብራት ግን እንደ ጉድ ትብለጨለጫለች። በ13 ሴኮንድ 10 ጊዜ። ማለትም በየ1.3 ሴኮንዱ። 3600ን ሳካፍለው 2770 ዋት ገደማ መጣ። መተግበሪያው በዚያው ሰዓት 2.8 ኪሎዋት ይላል።

20 ደቂቃ ጠበቅኩ። የቆጣሪው ቁጥር 0.9 ጨመረ። ቤቱ ጠፍቶ! ከዚያ የኢንቨርተሩን ብሬከር ሳጠፋው ብልጭታው ቆመ። ሁሉንም በቪዲዮ ቀርጬዋለሁ።

ጋሼ፣ እህቴ ቁጥር ወዳድ፣ እጃችሁ ይባረክ። አሁን ምን ላድርግ? ቆጣሪው እስኪቀየር ሶላሩን ላጥፋው?

ጋሽ_ፊውዝ

ዛሬውኑ ለኃይል አቅራቢው አመልክት። ቪዲዮውንና ደብተርህን ይዘህ ሂድ። «ቆጣሪያችሁ ሰረቀኝ» እያልክ አትግባ። «ሶላር አለኝ፤ ባለ ሁለት አቅጣጫ ቆጣሪ እፈልጋለሁ» በል። ሳታሳውቅ ማገናኘትህ ያንተም ጥፋት ነው፤ እሱን አትርሳ። በር ስትገባ ትሕትና ይኑርህ።

እስከዚያው ሦስት ነገር ማድረግ ትችላለህ። አንዱ ማጥፋት ነው። ያንተ ቆጣሪ በሰጠኸው ልክ ስለሚያስከፍልህ፣ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ቀን ማጥፋቱ ያተርፍሃል። ሁለተኛው ከባድ ዕቃ ሁሉ ቀን እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ግን ሥራ ስለምትውሉ ብዙ አይረዳህም። ሦስተኛው ኢንቨርተሩን ወደ ውጭ እንዳይልክ ማዘዝ ነው። ብዙዎቹ ይህ ቅንብር አላቸው። ግን አንድ ዕቃ ይፈልጋል፦ በዋናው ሽቦ ላይ የሚቆለፍ ቀለበት። ሲቲ ይሉታል። ከቆጣሪው የሚመጣውን ኃይል እያየ ኢንቨርተሩ ምርቱን ቤቱ በሚፈልገው ልክ እንዲቀንስ ይነግረዋል።

ሲቲው ላይ ቀስት አለ። ተገልብጦ ከታሰረ ኢንቨርተሩ ሁሉን በተቃራኒው ያየዋል። ሲልክ የገዛ ይመስለዋልና ይባስ ያመርታል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ያኔ ነው። በዚያ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ሁሌም ኃይል ያለው ሽቦ አለ፤ ባለሙያ ያስርልህ።

ጨለማ_ሰልችቶኝ

እኔም በመጨረሻ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ግን ንጹሕ ዜሮ አይመጣም። ካውያ ስንጠቀም፣ ሙቀቱ ሞልቶ በጠፋ ቁጥር ቆጣሪው ብልጭ ይላል።

ቁጥር_ወዳድ

ልክ ነህ። ኢንቨርተሩ እስኪቀንስ አንድ ሁለት ሴኮንድ ይወስዳል። 2000 ዋት ካውያ ድንገት ሲጠፋ ለ2 ሴኮንድ ብናስበው የሚሸሸው 1 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ብልጭታ። ሺህ ጊዜ ቢጠፋ ነው 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚሞላው። ቆጣሪህ እንዳይቆልፍብህ ግን ቅንብሩን ከዜሮ ትንሽ ከፍ አድርገው። ሁሌ 50 ወይም 100 ዋት ከመስመር ይግዛ።

የማይስማማው

እኔ ባለ ሁለት አቅጣጫ ቆጣሪ ካስገባሁ ዓመት ሆኖኛል። አሁንም የሚያበሳጨኝ አለ። መተግበሪያው ባለፈው ወር 600 አመረትክ አለኝ። ቆጣሪው «የወጣ» ብሎ የመዘገበው 380 ነው። 220ው የት ገባ? ጠይቄ ጠይቄ ሰለቸኝ።

ጋሽ_ፊውዝ

በልተኸዋል ልጄ። ቤትህ ከቆጣሪው በፊት ነው ያለው። ፓነሉ ካመረተው ፍሪጅህና ማጠቢያህ የወሰዱት ቆጣሪው ጋ አይደርስም። ስለዚህ አይመዘገብም።

ስክሪኑን የሚያገላብጠውን ቁልፍ ጫን። ብዙ ቆጣሪዎች ላይ 1.8.0 የሚለው ከመስመር የገባ ነው፤ 2.8.0 የሚለው የወጣ። የቤትህን ሙሉ ፍጆታ ማወቅ ከፈለግህ፣ መተግበሪያው ከሚለው ምርት 2.8.0ን ቀንስና 1.8.0ን ደምርበት።

የማይስማማው

ይህን በአንድ ዓመት ውስጥ የነገረኝ ሰው የለም። ስሜን መቀየር አለብኝ መሰለኝ።

ሦስት_ፌዝ

እኔስ? ቤቴ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ኢንቨርተሩ ግን አንዱ ላይ ብቻ ነው ያለው። በአንዱ እየሸጥኩ በሁለቱ እየገዛሁ ነው?

ቁጥር_ወዳድ

እንደ ቆጣሪው ነው። በአንዱ ፌዝ 3 ኪሎዋት እየወጣ፣ በሁለቱ 1.5 እና 1.5 እየገባ ነው እንበል። ሦስቱን በየቅጽበቱ የሚያቻችል ቆጣሪ ዜሮ ያያል። ፌዝ በፌዝ የሚመዘግብ ደግሞ 3 ገባ፣ 3 ወጣ ይላል። የሸጥክበትና የገዛህበት ዋጋ እኩል ከሆነ አይጎዳህም። ካልሆነ ይቆረቁራል። ከመፈረምህ በፊት ቆጣሪው በየትኛው መንገድ እንደሚደምር ጠይቅ።

አዲስ_ገቢ

ቆይ ቆይ። የምሰጠውንና የምወስደውን በቁጥር አቻችለው የሚከፍሉኝ መስሎኝ ነበር። አንዱን ሰጥቼ አንዱን እወስዳለሁ። አይደለም እንዴ?

ቁጥር_ወዳድ

አንዳንድ ቦታ እንደዚያ ነው። በወሩ ወይም በዓመቱ መጨረሻ የወጣው ከገባው ይቀነሳል። ያኔ መስመሩ እንደ ነፃ ባትሪ ያገለግልሃል፤ ማጠቢያውን ቀን ብታሠራው ማታ ብታሠራው ለውጥ የለውም። ሌላ ቦታ ግን የምትሸጠው በአንድ ዋጋ፣ የምትገዛው በሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትገዛው ይወደዳል። ያኔ እያንዳንዷን ፀሐይ ቤት ውስጥ መጨረስ ነው ብልሃቱ። ነገሩ ደግሞ እየተለወጠ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዲስ ገቢዎች ወደ ሁለተኛው ዞራለች። ኔዘርላንድስም ማቻቻሉ እ.ኤ.አ. ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲቀር ወስናለች።

ስለዚህ ፓነል ከመምረጥህ በፊት ውሉን አንብብ። ቆጣሪው አንድ ነው፤ ሂሳቡን የሚሠራው ውሉ ነው።

ጣራዬ_ላይ (ጠያቂ)

ከአንድ ወር በላይ ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ቆጣሪው ተቀየረ! ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ቪዲዮውን ሊያይልኝም አልፈለገም። ሁለተኛዋ ልጅ ግን ገና ቀስቷን ስነግራት ኃይል ወደ ውጭ እየወጣ መሆኑ ገባት።

የመጀመሪያው ሳምንት ንባብ ይኸው። የገባ 47፣ የወጣ 101። መተግበሪያው ምርት 124 ይላል። በጋሼ ቀመር ቤቴ በሳምንት 70 በላ። በቀን 10። ያው የድሮው ልኬ! እህቴ ቁጥር ወዳድ ያኔ በወር 210 ትገዛለህ ያለችኝ ደግሞ በሳምንት 49 ገደማ ይሆናል። 47 መጣ። ቆጣሪውን ሳታይ!

ትርፍ የከፈልኩት ይመለስ እንደሆነ ገና እያዩት ነው ተብያለሁ። የውሃ ማሞቂያውን በሰዓት መቁጠሪያ ቀን 6 ሰዓት ላይ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። ደብተሩንም ለባለቤቴ አስረከብኩ። አሁን እሷ ናት ጠዋትና ማታ የምታነበው 😂

ቁጥር_ወዳድ

ሁለት ኪሎዋት ሰዓት መሳሳቴ ራሱ አናዶኛል።

አዲስ_ገቢ

እንኳን ደስ አለህ! የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ እንዳትስቁ። ሙሉ ጨረቃ በሆነች ማታ 2.8.0 ትንሽ አይጨምርም?

ጋሽ_ፊውዝ

ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ 400 ሺህ ጊዜ ገደማ ትደበዝዛለች። ኢንቨርተሩን ለመቀስቀስ እንኳን አትበቃም። እሱ ተኝቶ ራሱ ጥቂት ዋት ይበላብሃል፤ ስለዚህ ማታ የሚንቀሳቀሰው 1.8.0 ነው።

አዲስ_ገቢ

እሺ ጋሼ። ጨረቃን ከዕቅዴ አውጥቻታለሁ።